ከፊራ ልውረድ ወይስ ጀጎል ልውጣ? ያገለገለና የቆየ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ጥር ድሬዳዋ ካለው ከከፊራ ገበያ አንድ የከሰል ካውያ ገዛሁ። የክዳኑ መቆለፊያ አውራ ዶሮ ነው፤ ጭራው ወደ ላይ ቆሟል፣ ጉትያው ሳይቀር በብረቱ ላይ ተቀርጿል። ዶሮው ወደ ጎን ሲታጠፍ ክዳኑ ይከፈታል፤ ከሥሩ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አመድ አለ። የእንጨት እጀታው በቀኝ በኩል ጎድጎድ ብሏል። አንድ ሰው አውራ ጣቱን ለዓመታት እዚያው ቦታ ላይ አሳርፎበታል።

በሳምንቱ የደንገጎን አቀበት ወጥቼ ሐረር ገባሁና የካውያዬን መንትያ ጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሱቅ ላይ አየሁት። ተፈትጎ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ዋጋው እኔ ከከፈልኩት ሦስት እጥፍ ነው። ባለሱቁ "የትልቅ ቤት ዕቃ ነው" አለኝ። የማን ቤት እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ።

ወዲያው እንዳተረፍኩ ቆጠርኩ። ቤት ስገባ ግን የእኔው ማጠፊያ መሰንጠቁን አየሁ። የሚበይድልኝ ሰው ፍለጋ አራት ቀን ዞርኩ፤ የመጀመሪያው በያጅ ብረቱ ቀልጦ የተፈሰሰ ስለሆነ በተራ ብየዳ አይያዝም ብሎ መለሰልኝ። የሁለተኛውን ክፍያና የባጃጁን ሒሳብ ስደምር ልዩነቱ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ "የት ይረክሳል?" ለሚለኝ ሰው ፈጣን መልስ የለኝም።

መጀመሪያ መለኪያው

ቦታ ከመምረጤ በፊት ራሴን የምጠይቀው ዕቃው ሊሠራበት ነው ወይስ ሊታይ ብዬ ነው። ለመደርደሪያ የሚፈለግ ሬዲዮና ዜና ሊሰማበት የሚፈለግ ሬዲዮ የሚገዙት በአንድ ቦታ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው የመፈተሽ ዕድል ነው፤ ሻጩ መብራት አለው? ሚዛን አለው? ፀሐይ ላይ አውጥቼ ላየው ይፈቅዳል? ሦስተኛው ባለቤትነት ነው፤ ዕቃው ከማን እጅ እንደመጣ የሚናገር ሰው አለ? አራተኛው ሙሉ ዋጋው ነው፤ ይኸውም የመግዣው፣ የማሠሪያው፣ የመጓጓዣውና የባከነው ቀን ድምር። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ቆጥሮ ይኩራራል፤ እኔም ከዚያው ወገን ነበርኩ።

ደስታውን በመለኪያ ውስጥ አላስገባሁትም። ግን ቅዳሜን የሚያስናፍቀው እሱ ነው። ሁለት ሰዓት ዞሮ አንድ የበር እጀታ ይዞ የሚመለስ ሰው ለምን ፊቱ እንደሚፈካ ዘመዶቹን ማስረዳት አይችልም።

የድሬ ገበያዎች፦ ከፊራ፣ አሸዋ፣ ታይዋን

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ካሉት ዓመታት በአብዛኞቹ ባቡሩ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚሁ ነበር። ስለዚህ የድሬ አሮጌ ዕቃ የንጉሥ ቤት ዕቃ አይደለም፤ የሠራተኛ፣ የነጋዴና የመካኒክ ዕቃ ነው። የሽምንደፈር፣ የባቡር ኩባንያው፣ ጡረተኛ ቤት ውስጥ የፈረንሳይ መፍቻ፣ ማሾ፣ የእጅ ፋኖስ፣ የግድግዳ ሰዓት ይገኛል። ከዚራ ሠፈር ባሉት የድሮ ቤቶችም የተጠማዘዘ እንጨት ወንበር አልፎ አልፎ ይወጣል።

ከፊራ የሚኬደው በጠዋት ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱም ግፊያውም ዕቃ አያስመረምርም፤ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ከተማው ለምሳ፣ ለጫትና ለእረፍት ይዘጋል። አትክልትና ቅመሙን አልፎ ጥግ ጥጉን ለሚፈልግ ሰው ማዳበሪያ ላይ የተዘረገፈ ብረታ ብረት ይጠብቀዋል፤ ቁልፍ፣ ማጠፊያ፣ የፕሪሙስ እግር፣ ክዳን የሌለው ጀበና። ሻጭዋ ብዙ ጊዜ እድሜዋ የገፋ ናት፤ "አዴ፣ ይሄ ስንት ነው?" ብሎ የሚጀምር ሰው "ይሄ ነገር" ብሎ በእግሩ ከሚያመላክት ሰው የተሻለ ዋጋ ያገኛል። የመጀመሪያው ጥሪ ከመጨረሻው ዋጋ እጥፍ ሊሆን ይችላል። "አቦ ውሰደው!" ሲባል ድርድሩ አልቋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ መቀነስ ነውር ነው።

አሸዋና ታይዋን ለልብስና ለኤሌክትሮኒክስ ናቸው። ታይዋን ላይ ያገለገለ ቴፕ ወይም ማጉያ የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ሰክቶ ሩብ ሰዓት ያጫውተው። የሚሞቅ ብልሽት በሁለት ደቂቃ አይታይም።

ስለ ድሬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌላ ቦታ ሲነገር ሰምቼ ስለማላውቅ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲመታ ሕይወት ጠፍቷል፤ ስንት ቤትም ከነንብረቱ ተጠርጓል። ከጎርፉ የተረፈ ዕቃ ዛሬም በገበያ ይዞራል። የሬዲዮ የጀርባ ክዳን ሲከፈት በማዕዘኑ ላይ ደቃቅ ቡናማ ደለል ካለ፣ የቁም ሣጥን ሥረኛ ጠርዝ አብጦ ከተላጠ፣ ዕቃው ውኃ ውስጥ አድሯል። ለማስታወሻ ይገዛ፤ ለአገልግሎት ግን አይገዛ።

ሰልባጅ

ስለ ሰልባጅ ብዙ አልልም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ባለሙያ አለው። ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ከሻጩ ጠይቆ ያን ቀን በጠዋት መድረስ፣ ብብቱንና የሱሪውን ውስጠኛ ስፌት ፀሐይ ላይ ማየት፣ ቤት እንደገባ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ። ሱፍ ከሆነ የፈላ ውኃ ያኮማትረዋል፤ እሱን ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሻላል። ያገለገለ ልብስ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም፤ ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለትም የለም። ለሥራ የሚሆን ኮት ፈልጎ ከአንድ ሺህ ብር በላይ የሚጠየቅ ሰው ግን ሐረር የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ሄዶ ማሰፋት ያዋጣው እንደሆነ ያስላ።

ሐረር፦ ጀጎል ውስጥ

እዚህ ነገሩ ይለወጣል። ድሬ ላይ የሚከፈለው ለዕቃው ነው፤ ጀጎል ውስጥ ግን ለታሪኩም ይከፈላል፤ ታሪኩ ግን ሁልጊዜ ከዕቃው ጋር አይመጣም።

የሐረሪ ቤት ግድግዳ ራሱ ሙዚየም ነው፤ ስፌቱ፣ ሳህኑ፣ ጎድጓዳው ሁሉ በሥርዓት ይሰቀላል። በመሆኑም ከተማው ውስጥ ጥሩ ዕቃ መኖሩ አያጠራጥርም፤ ጥያቄው ለሽያጭ የወጣው የቱ ነው የሚለው ነው። የድሮና የአዲስ ስፌት ልዩነት በዓይን ሳይሆን በጣት ይታወቃል። የድሮው አክርማ በጥብቅ የተጠቀለለ ስለሆነ ጥፍር በመካከሉ አይገባም፤ ዘመናት ያለሰለሱት በመሆኑም ሲዳሰስ ቅቤ እንደነካው ቆዳ ነው። ገልብጠው ይመልከቱት፦ ፊቱ ደብዝዞ ጀርባው ደማቅ ከሆነ ፀሐይ ያየ እውነተኛ እድሜ ነው። ፊቱም ጀርባውም እኩል ከደበዘዘ አንድ ሰው ሻይ ቅጠል ወይም ጭስ ተጠቅሞ እድሜ ሰጥቶታል። አዲሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ እኔ እንደውም በአዲስ ዋጋ የተሸጠ ጥሩ አዲስ ስፌት በአሮጌ ስም ከተሸጠው እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ብር ሳንቲም እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ነው፤ እኔም ተቃጥያለሁ። ማርትሬዛ ብር ሁሉ 1780 የሚል ዓመት አለበት። በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሲመታ ዓመቱ ሳይቀየር ቀርቷል። ስለዚህ "ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው" የሚል ሻጭ ዓመቱን እያሳየ ቢምልም ምንም አላረጋገጠም። የሚያረጋግጠው ሌላ ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ፣ የብር መጠኑ ከሺህ 833፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ። አያቶቻችን በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠሩ ይቀበሉ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

እኔ የተሸወድኩት በምሽት ነው። ሳንቲሙ በባጃጅ መብራት ያምር ነበር። በማግስቱ የወርቅ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 24 ግራም ሆነ፤ ጠርዙን በጥፍሬ ስፈትሸው እንደ ሳሙና ልሙጥ ነው። አሁን ያ ሳንቲም ማሰልጠኛዬ ነው፤ ከእውነተኛው አጠገብ በኪሴ ይዤው እዞራለሁ፤ ሁለቱን በጣት ጫፍ አንጠልጥሎ አንዱን በሌላው መታ ማድረግ ጆሮን ያስተምራል።

በምኒልክ ብር ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ስለሚጻፍ ማንበብ መቻል ይጠቅማል፤ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889 ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም እንደ ማርትሬዛ ናቸው፤ 1936 የሚለው ዓመት ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር ተመትቷል፤ ስለዚህ የመዳብ ሳንቲሞቹ ብርቅ አይደሉም። ሃምሳ ሳንቲሟ ግን ብር ስላለባት በመዳብ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ከተገኘ ዝም ብሎ መውሰድ ነው። ሐረር የራሷን ገንዘብ ትመታ የነበረች ከተማ ናት፤ ማሐለቅ የሚባለው የአሚሮቹ ሳንቲም ትንሽና ስስ ነው። እሱን የሚያቀርብልኝ ሰው ካለ ግን አልገዛም፤ መጀመሪያ የምወስደው በራስ ተፈሪ ቤት ወዳለው የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ነው፤ እዚያ የተሰበሰበውን አይቶ ማነጻጸር ከማንም ደላላ ይሻላል። ጀጎል የገባ ሰብሳቢ ሁሉ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን እዚያ ቢያሳልፍ ገንዘቡን ያድናል።

ሕጉንም አንርሳ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። በእጅ የተጻፈ ቁርኣን፣ የብራና መጽሐፍ፣ የመቃብር ድንጋይ የሚያቀርብ ሰው ሲያጋጥም ውጭ አገር ላለ ዘመድ ስጦታ ይሆናል ብሎ ማሰብ ችግር ነው። የሐረር መጽሐፍ ጠራዦች በሙያቸው የታወቁ ነበሩ፤ ከጥራዙ ተነጥሎ ለብቻው የሚሸጥ ገጽ ማለት አንድ መጽሐፍ ተገነጣጥሏል ማለት ነው። እኔ አልነካውም።

ሸዋ በርና መኪና ግርግር

ከግንቡ ውጭ ሸዋ በር ላይ ያለው ገበያ በባሕርዩ ከጀጎል ሱቆች ይልቅ ለከፊራ ይቀርባል፤ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ታሪክ የሚያወራ የለም። ልዩነቱ የአየሩ ነው፤ ሐረር ቀኑን ሙሉ ያስዞራል።

ለሐረር ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ግን በመኪና ግርግር ምክንያት ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም በግራና በቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። አሮጌ ሲንገር መግዛት የሚፈልግ ሰው ከእነሱ የተሻለ መርማሪ አያገኝም። አንድ ጊዜ ከሸዋ በር የወሰድኩትን መኪና ይዤ አንድ ሽማግሌ ጋር ቀረብኩ። ክር እንኳ አላስገቡበትም። መዘውሩን በእጃቸው ወደ ራሳቸው አንድ ጊዜ አዞሩት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ መልሰው አዞሩት። "ልጄ፣ ይሄ አልታመመም፤ ተርቧል" አሉኝ። ሦስት ጠብታ ዘይት ሰጥተውት ያን ቀን አንድ ትራስ ልብስ ሰፋንበት። ክፍያ እንቢ ስላሉ ሻይ ጋበዝኳቸው።

ከእሳቸው የተማርኩት ይህ ነው፦ መርፌ የሚይዘውን ዘንግ ወደ ግራና ቀኝ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከተወዛወዘ አልቋል። ቀጥሎ ሥሩን ከፍተው የክር መጠቅለያው መያዣ መኖሩን ያረጋግጡ፤ እሱ ከጠፋ የረዘመው ዓይነት መተኪያው አስቸጋሪ ነው፤ ክቡ ግን ይገኛል። ዝገትና የተፋቀ ቀለም ምንም አይደለም። ከአልጋው በስተቀኝ ባለው ሰሌዳ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር መኪናው የተሠራበትን ዘመን ስለሚናገር ፎቶ ያንሱት።

በር ላይ የሚመጣው፣ ከቤት የሚወጣውና በስልክ የሚታየው

ልዋጭ በሁለቱም ከተሞች ይዞራል። ሰዉ አሮጌ ዕቃውን ለእሱ ሰጥቶ የፕላስቲክ ሳህን ይወስዳል፤ ስለዚህ ከእሱ ጆንያ ውስጥ ያለው ገና ማንም አልመረጠውም። የሠፈራችሁን ልዋጭ በስሙ ማወቅ፣ ብርጭቆ ውኃ መስጠት፣ "ሬዲዮ ወይም ፋኖስ ሲገባ አሳየኝ" ማለት ነው ሥራው። ዋጋው ከሁሉም ይረክሳል። ስጋቱ ባለቤትነቱ ላይ ነው፤ የማንም የማይታወቅ ቧንቧ፣ የመብራት ሽቦ፣ የሐዲድ ብሎን፣ የኩባንያ ማኅተም ያለበት መሣሪያ ካሳየ አመስግኖ መመለስ ነው።

ከቤት ቀጥታ መግዛት፣ ማለትም የሚለቅ ጎረቤት፣ የሚሄድ ዘመድ፣ ውርስ የሚከፋፈል ቤተሰብ፣ የእኔ ምርጫ ነው። የዕቃው ታሪክ ከባለቤቱ አፍ ይሰማል፤ አስፈላጊ ከሆነም ሁለት መስመር ይጻፋል። ግን በሐዘን ቤት ገና አርባ ሳይወጣ ዋጋ መጠየቅ አይገባም፤ ሲሸጥ ይነገራችኋል።

የቴሌግራም ቻናሎች ለትልቅ የቤት ዕቃና ለስልክ ይጠቅማሉ። ለቆየ ዕቃ ግን ፎቶ ጠርዝ አያሳይም፣ አይሸትም፣ አይመዘንም። ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቅ ሻጭ መልሴ አንድ ነው፤ መጥቼ ልየው።

በአንድ እይታ

| የት | ጎልቶ የሚገኘው | ዋጋ | የመፈተሽ ዕድል | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| ከፊራ | ብረታ ብረት፣ ፋኖስ፣ ካውያ | ዝቅተኛ፤ ክርክር አለ | በጠዋት ጥሩ | ስንጥቅ፣ የጎደለ አካል |
| አሸዋና ታይዋን | ሰልባጅ፣ ኤሌክትሮኒክስ | መካከለኛ | ሰክቶ ማየት ይቻላል | መመለሻ የለም |
| የጀጎል ሱቆች | ስፌት፣ ብር፣ ጌጥ | ከፍተኛ | ሚዛን ከተያዘ ጥሩ | የተፈጠረ ታሪክ፣ የቅርስ ሕግ |
| ሸዋ በር | የቤት ዕቃ፣ የስፌት መኪና | ዝቅተኛ | መኪና ግርግር ቅርብ ነው | ምርጫው ያልተረጋጋ |
| ልዋጭ | ያልተገመተ | ከሁሉም ዝቅተኛ | ደካማ | ባለቤትነት |
| ከቤት ቀጥታ | ወንበር፣ ሬዲዮ፣ የሙዚቃ ሸክላ | በስምምነት | ከሁሉም የተሻለ | ይሉኝታ |
| ቴሌግራም | ትልቅ ዕቃ፣ ስልክ | ይለያያል | የለም ማለት ይቻላል | ቅድሚያ ክፍያ |

ለማን ምን?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣና በኪሱ አምስት መቶ ብር ያለው ሰው ከፊራ ይሂድ፤ አንድ ትንሽ ብረት ይግዛ፤ ቤቱ ወስዶ በናፍጣና በጨርቅ ያጽዳው። ቢሳሳት ብዙ አይጎዳም። ገና ከመጀመሪያው ጀጎል ገብቶ ብር መግዛት ግን ዋና ሳይለምዱ ጥልቅ ውኃ እንደመግባት ነው።

ቤቱን በቆየ ዕቃ ማሳመር የሚፈልግና ገንዘብ ያለው፣ ጊዜ ግን የሌለው ሰው ደግሞ ጀጎል ይግባ። የተጸዳና የተመረጠ ዕቃ ያገኛል፤ ሦስት እጥፉ የሌላ ሰው የአራት ቀን ዙረት ነው። ይህን እንደ ብዝበዛ ማየት አቁሜያለሁ።

የሚሠራ የስፌት መኪና የሚፈልግ ከሆነ ያለ ጥርጥር ሸዋ በርና መኪና ግርግር።

ሬዲዮና ሸክላ ለሚፈልግ ሰው ከቤት የሚወጣው ይሻላል። የቫልቭ ሬዲዮ፣ አምፖል በመሰሉ ቱቦዎች የሚሠራው የድሮው ዓይነት፣ ለዓመታት ሳይበራ ከቆየ "ይሠራል" ቢባልም በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር አይሰካ፤ ውስጡ ያሉት አሮጌ ኮንደንሰሮች ሊፈነዱ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ሠራተኛ ይክፈተው። ብዙዎቹ ኤፍ ኤም የላቸውም። ኤፍ ኤም ያላቸው የጀርመን ሬዲዮኖችም መስታወታቸው ላይ ቁጥሩ 100 ላይ የሚያቆም ከሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ጣቢያ አይዙም። ሸክላ ከሆነ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በጎኑ ዝቅ ብለው ይዩት፤ የድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደረን ሸክላ እንደ ቂጣ ያጣምመዋል። የድሮው ሙዚቃ አሳታሚ የአምሃ ሪከርድስ ምልክት ያለበት ትንሽ ሸክላ ከተገኘ ጭረቱን ችላ ብለው ይውሰዱት።

ከሐረር ወደ ድሬ ሲመለሱ የፋኖስ መስታወት የገዛ ሰው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አይስጠው። ከሰልባጅ በገዛው ሹራብ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይያዘው፤ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ያለውን መታጠፊያ ሁሉ አብሮት ይውረድ።